ባለፈው ዓመት «ቢ»፣ ዘንድሮ «ሲ»፤ ጡቴ ምን ሆነ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁ አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተነስታችሁ ውጤቱን ስትቀበሉ «የጡት ጥግግት» የሚል መስመር ታገኛላችሁ፤ ከአጠገቡ አንዲት ፊደል ተጽፋለች። የምትጠይቁኝ ስለዚያች ፊደል ነው። ብዙዎቻችሁ ደንግጣችኋል። አይፈረድባችሁም፤ ወረቀቱን ሰጥቶ ከመሸኘት በቀር ቁጭ አድርጎ ያስረዳችሁ ሰው የለም። ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ዛሬ ይህንኑ እመልሳለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 47 ነው። ባለፈው ዓመት ማሞግራም ስነሳ ጥግግትሽ «ቢ» ነው ተባልኩ። ዘንድሮ ሌላ ቦታ ተነስቼ «ሲ» አሉኝ። ካንሰር የለም ብለውኛል። ግን በአንድ ዓመት እንዲህ ከተለወጠ የሆነ ነገር እየመጣ አይደለም ወይ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።» አ. መ.

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይረጋጉ። ሁለቱንም ጊዜ ካንሰር የለም ተብለዋል፤ ዋናው ውጤት እሱ ነው። የጡት ጥግግት በሽታ አይደለም። ደግሞም ከዕድሜ ጋር፣ በተለይ የወር አበባ ሲቋረጥ፣ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የሆርሞን መተኪያ ሕክምና ጀምረው ከሆነ ወይም ክብደትዎ በጣም ቀንሶ ከሆነ ከፍ ሊል ይችላል። እነዚህ ከሌሉ ግን የተለወጠው ጡትዎ ሳይሆን ፊደሉን የሰጠው ዓይን ይመስለኛል። ለምን እንደዚያ እንደምል ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ጡት ውስጥ በጥቅሉ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ስብ ነው። ሌላው ወተት የሚያመነጩት እጢዎች፣ ወተቱ የሚወርድባቸው ቱቦዎችና ይህን ሁሉ አቅፎ የያዘው አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ነው። (እጢ ስል ዕባጭ ማለቴ አይደለም፤ ማንኛዋም ሴት ያላትን ወተት አመንጪ ክፍል ነው።) ራጅ በስብ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ ስለዚህ ስቡ በምስሉ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። እጢውና አያያዡ ደግሞ ጨረሩን ይበልጥ ያስቀሩታል፤ ስለዚህ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ጥግግት የምንለው ከጡቱ ምን ያህሉ ነጭ ሆኖ ታየ የሚለውን ነው።

ችግሩ ካንሰርም በማሞግራም ላይ ነጭ መሆኑ ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ የወደቀ ነጭ ክር ወዲያው ይታያል። ነጭ ጨርቅ ላይ ሲወድቅ ግን አጎንብሰን፣ ብርሃን አስጠግተን እየፈለግንም ሊያመልጠን ይችላል። ፊደሏ የምትናገረው በመጀመሪያ ደረጃ ይህንን ነው፤ የእርስዎን ምስል የሚያነበው ሰው ምን ዓይነት ጨርቅ ላይ እየፈለገ እንደሆነ።

ፊደላቱ አራት ናቸው፤ የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ ባወጣው ባይራድስ በሚባለው መመሪያ መሠረት የሚሰጡ ናቸው። «ኤ» ማለት ጡቱ ከሞላ ጎደል ስብ ነው። «ቢ» እዚህም እዚያም የተበታተነ ነጭ አለ። «ሲ» ነጩ በርከት ብሎ ትንንሽ ዕባጮችን ሊሸፍን ይችላል። «ዲ» እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ማሞግራም ከሚነሱ 100 ሴቶች 10 ያህሉ «ኤ»፣ 40 ያህሉ «ቢ»፣ 40 ያህሉ «ሲ»፣ 10 ያህሉ «ዲ» ናቸው። «ሲ»ና «ዲ» አንድ ላይ «ጥቅጥቅ ያለ ጡት» ይባላሉ። ስለዚህ ጥቅጥቅ ያለ ጡት ያላት ሴት ብርቅ አይደለችም፤ ግማሹ ሴት ማለት ይቻላል እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ፊደሉን የሚሰጠው ማነው? በአብዛኛው ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ነው፤ በዓይኑ አይቶ፣ በግምት። «ኤ»ን ከ«ዲ» የሚያምታታ የለም። «ቢ»ና «ሲ» ድንበር ላይ ግን እኛም እርስ በርስ አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 83 ራዲዮሎጂስቶችን ተከታትሎ ነበር። አንዱ ካያቸው ሴቶች 6.3 በመቶዎቹን ብቻ «ጥቅጥቅ ያለ» ሲል፣ ሌላው 84.5 በመቶዎቹን እንደዚያ ብሏል። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ተነስተው የተለያየ ሐኪም ካነበበላቸው ሴቶች ደግሞ 17 በመቶ ያህሉ አንዴ ጥቅጥቅ፣ አንዴ አይደለም ተብለዋል። የእርስዎ ታሪክ ቁርጥ ይህ ነው።

እኔም ትምህርት ላይ ሳለሁ መምህሬ ያነበብኳቸውን ምስሎች ከሳምንታት በኋላ ስም ሸፍኖ መልሶ ሰጥቶኝ ነበር። በተወሰኑት ላይ ፊደሉን ለወጥኩት። ያው ዓይን፣ ያው ምስል ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አንዲት ፊደል ለውጥ የሚጨነቅ ሰው ሲመጣ በጣም ይሰማኛል።

ሌላም ነገር አለ። እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ መመሪያው በመቶኛ ይከፋፍል ነበር፤ ከ25 በታች፣ ከ25 እስከ 50፣ ከ51 እስከ 75፣ ከዚያ በላይ። በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም መቶኛውን ተወው። አሁን ጡቱ በጥቅሉ ብዙ ነጭ ባይኖረውም፣ አንድ ቦታ ላይ ዕባጭ ሊሸፍን የሚችል የተሰበሰበ ነጭ ካለ «ሲ» ይባላል። ድንበሩ ላይ ያለ ጡት ወደ «ሲ» የሚገፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የሚያደርጉት ነገር ቀላል ነው። ያለፈውን ዓመት ምስል (ወረቀቱን ሳይሆን ምስሉን፣ በሲዲ) አስገልብጠው ዘንድሮ ወደተነሱበት ይውሰዱና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዲያዩልዎ ይጠይቁ። መብትዎ ነው። ጎን ለጎን ሲታይ ተመሳሳይ ከሆነ ጉዳዩ አልቋል። ደግሞም ለሚቀጥለውም ጊዜ ይጠቅማል፤ ለእኛ ከፊደል ይልቅ የድሮ ምስል ይሻለናል።

«ጡቴ ስነካው ለስላሳ ነው። እንዴት ጥቅጥቅ ነው ይሉኛል?» ስሜ ይቆይ

ጥግግት በእጅ አይታወቅም። ጠንከር ያለ ጡት ስብ የበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ለስላሳው ደግሞ «ዲ» ሊሆን ይችላል። መጠኑም አይናገርም። በምስል ብቻ ነው የሚታወቀው።

«ሰላም ዶክተር። በባለቤቴ ውጤት ላይ ፊደል ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተር የለካው ቁጥርም አለ። 17 በመቶ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ «ዲ፣ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ» ይላል። 17 በመቶ እንዴት ነው እጅግ የሚባለው? 83 በመቶው ስብ ነው ማለት አይደለም ወይ? ስህተት ይሆን?» የሁለት ልጆች አባት

ወንድሜ፣ ስህተት አይደለም። ጥያቄህ ግን ከደረሱኝ ሁሉ የወደድኩት ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቁጥር ሲያይ ጥያቄ መጠየቅ ያቆማል።

ጥግግትን በሁለት መንገድ በቁጥር መለካት ይቻላል። አንዱ በስፋት ነው፤ በምስሉ ላይ ካለው የጡት ስፋት ምን ያህሉ ነጭ ነው የሚል። ሌላው በይዘት ነው፤ ከጡቱ አጠቃላይ ይዘት ምን ያህሉ እጢና አያያዥ ነው የሚል። ሁለቱ ቁጥሮች በፍጹም አይመሳሰሉም።

ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ አስብ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላው የግቢውን ግማሽ ይሸፍናል። ግን ቅጠሉንና ቅርንጫፉን ሁሉ ለቅመህ አንድ ቦታ ብትከምረው አንዲት ጥግ አይሞላም። ማሞግራም ጥላ ነው። ጨረሩ በጡቱ ውስጥ አልፎ ሲወጣ፣ በመንገዱ ላይ ጥቂት እጢ ቢኖርም ያ ነጥብ ነጣ ይላል፤ ከእጢው በላይና በታች ስብ ቢኖርም። ስለዚህ በስፋት ሲለካ ቁጥሩ ትልቅ፣ በይዘት ሲለካ ትንሽ ይሆናል። ከስፋቱ ከግማሽ በላይ ነጭ የሆነ ጡት በይዘት 17 በመቶ ቢወጣ አያስገርምም። በይዘት ከሚለኩት ሶፍትዌሮች በሰፊው የሚሠራበት ቮልፓራ የሚባለው ከ15.5 በመቶ ጀምሮ ያለውን ነው በመጨረሻው ምድብ የሚያስገባው። ከ7.5 እስከ 15.5 ያለው በሦስተኛው ይገባል። ለዚህ ነው 17 «ዲ» የሆነው።

የስፋቱ መንገድ ቀድሞ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጆን ዎልፍ የተባለ አሜሪካዊ ራዲዮሎጂስት ማሞግራሞችን በነጩ አቀማመጥ በአራት ከፍሎ፣ ነጭ የበዛባቸው ሴቶች ካንሰር ይበልጥ እንደሚይዛቸው ጻፈ። በወቅቱ ብዙ ክርክር አስነስቷል። በኋላ ቶሮንቶ ውስጥ ኖርማን ቦይድና ማርቲን ያፌ ከባልደረቦቻቸው ጋር ነገሩን ወደ ቁጥር ቀየሩት። ኩሙለስ የሚባል ፕሮግራም ሠሩ፤ አንባቢው ምስሉን ከፍቶ «ከዚህ በላይ የነጣው እጢ ነው» የሚለውን ድንበር ራሱ እያንቀሳቀሰ ይመርጣል፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ በላይ ያለውን ቆጥሮ በጡቱ ስፋት ያካፍላል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከስፋቱ 75 በመቶና ከዚያ በላይ ነጭ የሆነባቸው ሴቶች ከ10 በመቶ በታች ከሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ የካንሰር ዕድላቸው 4.7 እጥፍ ነበር። ወደዚህ ቁጥር በኋላ እመለሳለሁ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በእሱ ነው።

የይዘቱ መንገድ የሰው ዓይን አያስፈልገውም። ሶፍትዌሩ ማሽኑ ምን ዓይነት ጨረር እንደላከ ያውቃል፤ ሲጫን ጡቱ ስንት ሚሊሜትር ውፍረት እንደነበረውም ያውቃል። ከዚያ በምስሉ ላይ ስብ ብቻ ያለበትን ነጥብ ይፈልግና መነሻ ያደርገዋል። ከዚያ ነጥብ አንጻር እያንዳንዱ ሌላ ነጥብ ምን ያህል ጨረር እንዳስቀረ አይቶ «እዚህ ላይ ይህን ያህል ሚሊሜትር እጢ አለ» ይላል። ሁሉንም ደምሮ በጡቱ ይዘት ያካፍላል። ጥቅሙ አለመዋዠቁ ነው፤ ያንኑ ምስል መቶ ጊዜ ብትሰጠው ያንኑ ቁጥር ይመልስልሃል። ድክመትም አለው። ማሽኑ የውፍረቱን ልክ በጥቂት ሚሊሜትር ቢሳሳት ቁጥሩ ይዛባል። ሰው ሠራሽ ጡት ካለም ያስቸግረዋል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ቁጥር የሚጻፍበት ውጤት ሁሉ አጠገቡ «በስፋት» ወይም «በይዘት» ተብሎ፣ በምን ሶፍትዌር እንደተለካም ተጽፎ መውጣት አለበት። ያለዚያ ቁጥሩ ከሌላ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ባለቤትህ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ቦታ ተነስታ «60 በመቶ» ብትባል ቤቱ በሙሉ ይሸበራል፤ የተለወጠው ግን መለኪያው ብቻ ሊሆን ይችላል።

«የጤና ተማሪ ነኝ። ጥላ ከሆነ ችግሩ፣ ለምን በኤምአርአይ አይለካም?»

ይለካል። ኤምአርአይ ጡቱን በሙሉ በቁራጭ በቁራጭ ያሳያል፤ የስብና የውኃን ምልክት ለይቶ ስለሚያይ ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ ጨረርም የለውም። ተመራማሪዎች ሌሎቹን መለኪያዎች የሚፈትሹትም ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። ግን ለመለካት ብቻ ብሎ ሁሉንም ሴት ኤምአርአይ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፤ ውድ ነው፣ ረጅም ነው። በአልትራሳውንድም እየተሞከረ ነው። ድምፅ በእጢ ውስጥ ከስብ ይልቅ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ጡቱን ዙሪያውን በድምፅ ሞገድ እየቃኙ ፍጥነቱን መለካት ነው ነገሩ። ተማሪ ከሆንክ እዚህ ላይ ገና ብዙ የሚሠራ አለ።

«ክብደት ለመቀነስ ስንት ለፍቼ 15 ኪሎ ቀነስኩ። ማሞግራም ስነሳ ጥግግትሽ ጨምሯል አሉኝ። ስፖርቱ ጎዳኝ እንዴ?» ሰ.

አልጎዳሽም፣ በርቺ! መቶኛ ማለት ማካፈል ነው። ስትቀንሺ ከጡትሽም ስብ ሄዷል፤ እጢው ያው ባለበት ነው። የምታካፍዪበት ሲያንስ መቶኛው ይጨምራል። ከማረጥ በኋላ ውፍረት ራሱ ለጡት ካንሰር አጋላጭ ነው፤ የቀነስሽው ለጥቅምሽ ነው።

«ውጤቴ «ዲ» ነው። ማሞግራሙ ንጹህ ነው አሉኝ፤ ግን «ዲ» ከሆንኩ ሊደበቅ ይችላል ይባላል። ታዲያ ማሞግራሙ ምን ይሠራልኛል? ቀጥታ ኤምአርአይ ልነሳ? ዕድሜዬ 54 ነው።» ወ. ሀ.

እህቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ ከሌሎቹ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልመልስ።

«ዲ» ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው መደበቅ ነው፤ እውነት ነው፣ ስብ በበዛበት ጡት ማሞግራም አብዛኛውን ካንሰር ያገኛል፣ እጅግ ጥቅጥቅ ባለው ግን በዛ ያለው ያመልጠዋል። ሁለተኛው ዕድሉ ራሱ ከፍ ማለቱ ነው። እዚህ ላይ ነው ያ 4.7 እጥፍ የሚመጣው። ግን ቁጥሩ የሚያነጻጽረው ሁለቱን ጫፎች ነው፤ በጣም ነጩን ከሞላ ጎደል ስብ ከሆነው ጋር። በመካከል ካለችው ሴት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ሁለት እጥፍ አካባቢ ነው። ትንሽ ነው አልልም። 4.7 ግን አይደለም።

ኤምአርአይን በተመለከተ ጥሩ ማስረጃ አለን። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 75 የሆኑ፣ በሶፍትዌር ተለክተው በመጨረሻው ምድብ የገቡና ማሞግራማቸው ንጹህ የሆነ ከ40 ሺህ በላይ እንደ እርስዎ ያሉ ሴቶች ተጠኑ፤ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታተመ። የተወሰኑት ተጨማሪ ኤምአርአይ እንዲነሱ ተጋበዙ። በሁለቱ ምርመራዎች መካከል ብቅ የሚለው ካንሰር ማሞግራም ብቻ ካገኙት ውስጥ ከ1000 ሴት 5 ሲሆን፣ ኤምአርአይ ከተጋበዙት ውስጥ 2.5 ሆነ። በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። በግብዣው መሠረት ኤምአርአይ ከተነሱት ውስጥ ደግሞ ማሞግራም ያላየው ካንሰር ከ1000ው በ16 ያህል ሴቶች ላይ ተገኝቷል። ይህንን መሠረት አድርጎ የአውሮፓ የጡት ምስል ሐኪሞች ማኅበር በ2022 ከ50 እስከ 70 ዓመት ላሉ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ጡት ላላቸው ሴቶች ቢያንስ በየ4 ዓመቱ፣ ቢቻል በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ኤምአርአይ እንዲቀርብላቸው መክሯል።

ሌላኛውም ገጽ አለ። በዚያው ጥናት በመጀመሪያው ዙር ኤምአርአይ ከተነሱ 1000 ሴቶች 80 ያህሉ ተጠርጥረው ተጨማሪ ምርመራ ተደርጎላቸው ካንሰር ሳይገኝባቸው ቀርቷል። አንዳንዶቹ በመርፌ ናሙና ተወስዶላቸዋል። ያ የጭንቀት ጊዜ ቀላል አይደለም። ለምርመራው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ ኩላሊት ላይ ችግር ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። አልትራሳውንድም እንደ አማራጭ ይቀርባል፤ ከማሞግራም ያመለጠ ካንሰር ያገኛል፣ ግን ከኤምአርአይ ያነሰ ነው የሚያገኘው፣ የሐሰት ማንቂያውም ጥቂት አይደለም።

እና ማሞግራሙን አይተዉት። ካልሲየም የሚባለው ደቃቅ ነጠብጣብ አንዳንዴ የካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ነው፤ እሱ ከእጢውም በላይ ስለሚያበራ «ዲ» ላይም ይታያል። እሱን ለማየት ከማሞግራም የሚሻል የለም።

በእርስዎ ቦታ ብሆን ሐኪሜን ይህን እጠይቃለሁ፦ ፊደሉ በዓይን ነው ወይስ በሶፍትዌር የተሰጠው? በቤተሰቤ ያለው ታሪክ፣ ዕድሜዬና ሌላው ሁሉ ተደምሮ ዕድሌ ስንት ነው? ከዚያ ስለ ኤምአርአይ እንወስን። «ዲ» መሆንዎ ይህን ውይይት ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው፤ «ምንም የለብሽም፣ ሂጂ» ብቻ ከተባሉ አይቀበሉ።

ይህን ስጽፍ ናንሲ ካፔሎን አስባለሁ። አሜሪካዊት ነበረች። በ2004 እ.ኤ.አ. ማሞግራሟ ንጹህ ነው ከተባለች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተስፋፋ የጡት ካንሰር ተገኘባት። ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑን ሐኪሞች ያውቁ ነበር፤ ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም። ታግላ በ2009 ኮኔቲከት ግዛት ለሴቶች ጥግግታቸው እንዲነገራቸው የሚያስገድድ ሕግ እንዲወጣ አደረገች። በ2018 አረፈች። ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው አሜሪካ ግዴታ ሆኗል። እናንተን ያስደነገጠቻችሁ ፊደል ወረቀት ላይ እንድትጻፍ የታገለ ሰው ነበር ለማለት ነው።

«ባይራድስ 2፣ ጥግግት ዲ ይላል። የትኛው ነው የእኔ?»

ሁለቱም። ቁጥሩ የተገኘውን ነገር ነው የሚናገረው፤ 1 ምንም የለም፣ 2 ጉዳት የሌለው ነገር ታይቷል፣ 3 ጉዳት የሌለው ይመስላል ግን ከወራት በኋላ ይታይ፣ 4 እና 5 ናሙና ይወሰድ፣ 0 ምስሉ አልበቃም ተመለሺ ነው። ፊደሉ ደግሞ ስለ ጨርቁ ነው። «ዲ»ን እንደ 4 አትቁጠሩት። ባለፈው ወር ሁለቱን አምታትታ ስታለቅስ የመጣች እናት አጋጥማኛለች።

«26 ዓመቴ ነው። እናቴ በ39 ዓመቷ የጡት ካንሰር ያዛት። ጥግግቴን ለማወቅ ማሞግራም ልነሳ? ደግሞ በቅርቡ ግራ ጡቴ ላይ የሆነ ነገር የነካሁ ይመስለኛል።» ቤ.

እህቴ፣ ጥግግትሽን ተዪው። በአንቺ ዕድሜ አብዛኛው ሰው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ፊደሉ ምንም አይጨምርልሽም። ጥግግት በከፊል በዘር ይወረሳል፣ ግን የእናትሽ ታሪክ ከፊደሉ በላይ ይመዝናል። እናትሽ በ39 ዓመቷ መያዟን ለሐኪም ንገሪ፤ የዘር ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ክትትሉስ መቼና በምን ይጀመር የሚለው በዚያ ይወሰናል።

የነካሽው ነገር ግን ለሚቀጥለው ወር አይቆይም። በዚህ ሳምንት ሂጂና በአልትራሳውንድ ይታይልሽ። ምናልባትም ምንም አይሆንም፤ በአንቺ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ዕባጭ ነው። ሐኪሙ ነክቶ «ምንም አይደለም» ብሎ ሊሸኝሽ ቢሞክር፣ የእናትሽን ዕድሜ ንገሪውና በምስል እንዲታይልሽ ጠይቂ።